መሥመሩ ላይ ማን አለ?

ስልከኛዋ የፖስታ ቤቱን ደረጃ ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወጣ፣ ከላይ የአሥር አለቃው ድምፅ «ግማሽ ደቂቃ! ግማሽ ደቂቃ ቀርቶሻል!» እያለ ያጣድፋት ነበር። ሻርፗን በጥርሷ ነክሳ፣ ፀጉሯን በሁለት እጇ እየቋጠረች፣ ያልታሰረ የጫማ ክሯን እየጎተተች በበሩ ስትገባ የግድግዳው ሰዓት ሁለትን ሊመታ ምንም አልቀረውም።

«ዛሬስ ውጭ ቀርተሽ ከጭቅጭቅሽ ትገላግይኛለሽ ብዬ ነበር» አለ አሥር አለቃው።

«አባቴ ባርኔጣው ጠፍቶት ነው።»

«ተገኘ ታዲያ?»

«ራሱ ላይ።»

አሥር አለቃው ከት ብሎ ሳቀ። ከኋላዋ በሩ ተዘጋ፤ ከውጭም ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ።

ከነዳጅ ማከማቻው ፍንዳታ ወዲህ ሥርዓቱ ይኸው ነበር። የስልክ ማዞሪያ ቤቱ በሠራዊቱ ትእዛዝ ሥር ገብቷል። ከጠዋቱ ሁለት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት የሚሠሩት ሁለት ሴቶችና አንድ ጠባቂ አንዴ ከገቡ፣ ቁልፉ ምድር ቤት ከቆመ ሌላ ወታደር ወገብ ላይ ይንጠለጠላል። «ጠብቅ ተብዬ እኔም አብሬያችሁ ታሰርኩ» ይል ነበር አሥር አለቃው በየቀኑ፤ በየቀኑም እንደ አዲስ ቀልድ ራሱ ይስቅበት ነበር። መስኮቶቹ መብራት ለጠላት አውሮፕላን እንዳይታይ ሰማያዊ ወረቀት ስለተለጠፈባቸው፣ ክፍሉ ውስጥ ረፋዱም ቀትሩም አንድ ዓይነት ነው።

ታላቋ ስልከኛ ቀድማ ቦታዋን ይዛለች። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠች፣ የከተማውን ሰው በመልኩ ሳይሆን በጉሮሮው የምትለይ ሴት ናት። ወጣቷ «እትዬ» ትላታለች። ከፍንዳታው ቀን ጀምሮ ጥቁር ልብስ አላወለቀችም፤ ነዳጅ ጫኝ መኪና ይነዳ የነበረው አንድ ልጇ ከሞቱት አሥራ አንድ ሰዎች መካከል ነበር።

ያን ዕለት ሁለት ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ሣጥን ተሸክመው በአጥሩ ቀዳዳ ሲገቡ አንዲት ልብስ አጣቢ አይታለች። አንድ ጋሪ ነጂም አይቷል። አንድ አስተማሪም ከነተማሪዎቹ አይቷል። ሁሉም «ሠራተኞች ይሆናሉ» ብለው፣ አንዳንዱም «ምን አገባኝ» ብሎ አለፈ። ከዚያ በኋላ በየግድግዳው ወረቀት ተለጠፈ፤ ቃሉ አጭር ነው፤ ያየኸውን ተናገር። ከሥሩ ቁጥር አለ፤ ሠላሳ ሦስት። የጦር ሰፈሩ የጥበቃ ክፍል ስልክ ነው።

ወጣቷ ስልከኛ ነገሩን ከልቧ ትደግፍ ነበር። አንዱን ወረቀት በአባቷ የሰዓት መጠገኛ ሱቅ በር ላይ በገዛ እጇ የለጠፈችው እሷ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሰው የአጥሩን ሽቦ ሲቆርጥ እጅ ከፍንጅ የተያዘው በሠላሳ ሦስት ቁጥር በተደወለ ጥቆማ ነበር፤ ጥሪውን ያገናኘችውም እሷ ስለነበረች ያን ቀን ምሳዋን በኩራት በላች። ሕጉን ጠንቅቃ ታውቃለች። የሠላሳ ሦስት ጥሪ ከሁሉ ይቀድማል። ሰዓቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ማዞሪያ ቤቱ ራሱ ግን ያለ መኮንን ትእዛዝ ለማንም፣ ለማንም አይደውልም።

ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሰሌዳው ላይ የመድኃኒት ቤቱን ጥሪ የምታመለክተው ትንሽ ክዳን ቀጭ ብላ ወደቀች። ስልከኛዋ መሰኪያውን ቀዳዳው ውስጥ ከተተች።

«ማዞሪያ።»

«ሠላሳ ሦስትን ስጪኝ እህቴ፣ ቶሎ በይ!»

ድምፁን ወዲያው ለየችው። በየጠዋቱ ዳቦ የምትሸጥላት ጋጋሪ ናት። ስልከኛዋ በሕጉ ምንም ልትጠይቃት አይገባም ነበር፤ ጋጋሪዋ ግን ሳትጠየቅ ዘረገፈችው።

«ኮረብታው ላይ፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ፣ አንድ ሰውዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጀርባውን ነው ያየሁት። ማገዶ ልለቅም ወጥቼ። አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር የኪስ ሰዓቱን ያወጣል፣ ይጽፋል። ሌላ ሲነሣ ደግሞ ይጽፋል። ዛፍ ሥር ተደብቄ ቆጠርኩ፣ አራቴ! ሮጬ ነው የወረድኩት። ያን ጊዜ ዝም እንዳሉት ሰዎች እንዳልሆን ብዬ...»

«ምን ለብሷል?» አለች ስልከኛዋ፤ አፏን ማን እንዳስከፈታት አላወቀችም።

«ቡኒ ካፖርት። በዚህ ሙቀት! ባርኔጣም አድርጓል፣ ጥቁር ጥብጣብ የዞረበት። አገናኚኝ እንጂ እህቴ፣ ይሄኔ ይሄዳል!»

ጠዋት ስትፈልገው የነበረው የአባቷ ባርኔጣ ጥቁር ጥብጣብ የዞረበት ነው።

አባቷ ሰዓት ሠሪ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ የሰውን ሰዓት ሲጠግን ኖሮ፣ ባለፈው ዓመት የራሱ ጭንቅላት ይስት ጀመር። በመጀመሪያ ቁልፍ ጠፋበት፤ ቀጥሎ የሰው ስም። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ከሱቁ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ጠፍቶት፣ የማያውቀው ሰው ደጃፍ ተቀምጦ ሲያለቅስ ተገኘ። ሐኪሙ «የሚያየውን ሁሉ ይጻፍ፤ አእምሮን ያነቃል» አለ። እሷም ግራጫ ልባስ ያለው ደብተር ገዛችለት። «አባባ፣ ያየኸውን ሁሉ ጻፍ» አለችው። «ሰዓቱንም አብረህ ጻፍ፤ አንተ እኮ ከሰዓት ጋር ነው ነገር የሚገባህ።» ሽማግሌው እንደ ተማሪ ተደሰተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይጽፋል። ጎረቤት ዓይኗን ጣል ታደርግለታለች፤ እሱም የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ከሩቅ ከሚታይበት በረንዳው ርቆ አያውቅም ነበር። እስከ ዛሬ።

መሰኪያው በእጇ ነው። ጋጋሪዋ «ሃሎ! ሃሎ!» ትላለች። እትዬ ራሷን አዞረች፤ በሠላሳ ሦስት ጥሪ ላይ ዝም ያለች ስልከኛ አይታ አታውቅምና።

ስልከኛዋ መሰኪያውን ሠላሳ ሦስት ውስጥ ከተተች። የመደወያውን እጀታም አዞረች።

መቶ አለቃው ራሱ አነሣ። በሕጉ ከዚህ በኋላ ማዳመጧን ማቆም ነበረባት፤ አላቆመችም። ጋጋሪዋ ሁሉንም እንደገና ተናገረች፤ ካፖርቱን፣ ባርኔጣውን፣ አራቴ መጻፉን። መቶ አለቃው «ጎበዝ፤ ካለሽበት አትንቀሳቀሺ» አላት። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጋ ወደ ሰዎቹ ሲጮኽ ተሰማ።

«ሃምሳ አለቃ! ሦስት ሰው ይዘህ በታንከሩ ጓሮ በኩል ውጣ። ቁም በሉት። ካልቆመ አትጠብቁ፤ ባለፈው ጠብቀን ያየነውን አይተናል!»

መሥመሩ ተዘጋ።

በታንከሩ ጓሮ በኩል የሚመጣ ሰው ወደ አውሮፕላን ሜዳው ፊቱን አዙሮ የተቀመጠውን ሰው የሚያገኘው ከግራው ነው። የአባቷ ግራ ጆሮ ደግሞ ነዳጁ የፈነዳ ቀን የሱቁ መስታወት ከነማዕቀፉ ላዩ ላይ ሲረግፍ ደንቁሯል። «ቁም» ቢሉት አይቆምም። ስለማይሰማ መጻፉን ይቀጥላል፤ ወይም ብዕሩ ከወደቀበት ሊያነሣ ጎንበስ ይላል፤ ወይም ደክሞት ተነሥቶ ይሄዳል።

ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች።

«አሥር አለቃ፣ በሩን አስከፍትልኝ። እባክህ።»

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ ገረጣ እኮ።»

«አሞኛል። ልወርድ ነው።»

«ከስምንት ሰዓት በፊት በሩን የሚከፍተው የሻለቃው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ታውቂ የለ። ብጮኽ እንኳ ያ ከታች ያለው ደንቆሮ አይከፍትም። ቁጭ በይ፣ ውኃ ልስጥሽ።» ከኮዳው ቀዳላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኩባያውን ሲሰጣት እጇን ደገፍ አደረገላት።

ውኃውን ሳትቀምስ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ከጦር ሰፈሩ በር እስከ ታንከሩ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ለሚሮጥ ወታደር ከዚያም ያነሰ። ሰሌዳው ላይ፣ ከታች በሦስተኛው ረድፍ፣ በሳምንት አንዴ እንኳ የማይነካ ቀዳዳ አለ። የውኃ ታንከሩ ዘበኛ ስልክ ነው።

ሰካችው። እጀታውን ስታዞር እትዬ የእሷን እጅ እንጂ ሌላ ነገር አትመለከትም ነበር።

«ታንከር ነው» አለ ዘበኛው፤ ሳል ተከተለው። ክረምት ከበጋ ስለሚያስለው ከተማው ጉንፋኔ ይለዋል።

«ጉንፋኔ፣ ማዞሪያ ቤት ነኝ። በመስኮት እይ። ድንጋዩ ላይ ሽማግሌ ተቀምጧል?»

«አዎን፣ ሰዓት ሠሪው እኮ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሰላም ብዬው ሰላም ብሎኛል፤ አላወቀኝም እንጂ። ምነው?»

«ወታደሮች እየመጡ ነው። ሩጥና ከፊት ለፊቱ ቁም። ከፊቱ፣ ገባህ? በግራ አይሰማም። እጆቹን ራሱ ላይ አድርግለት። እንዳይነሣ። ልጅህ ናት ያለችው በለው።»

ጉንፋኔ ሳሉን ዋጠ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ደብተር ይዟል። ታንከሩ ውስጥ ልጣለው? ማንም አያይም።»

ስልከኛዋ ዓይኖቿን ጨፈነች። ደብተሩ ከሌለ ጥፋትም የለም። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ጣለው። ግን ሳትነቃነቅ አጠገቧ የተቀመጠችው ጥቁር ለባሽ ሴት ትንፋሽ ይሰማታል። አውሮፕላኖቹንም አሰበች፤ የሚያበሯቸውን ልጆች ድምፅ ታውቃለች፣ በየሳምንቱ ከእናቶቻቸው ጋር የምታገናኛቸው እሷ ናትና።

«አትንካው» አለች። «ሰውየውን ብቻ። ሩጥ!»

ስልኩ ሲቀመጥ ሰማች። መሰኪያውን ነቀለች።

እትዬ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች። ብዕሯን ቀለም ነክራ፣ ሳትቸኩል፣ እየተመለከተቻት ጻፈች። ሦስት ሰዓት ከአርባ አራት። ከማዞሪያ ወደ ታንከር። ያለ ትእዛዝ።

«እትዬ...»

«አየሁ፤ ጻፍኩ።»

«አባቴ ነው እኮ። ምንም አያውቅም። እርስዎም ያውቁታል፣ የእጅ ሰዓትዎን እሱ አይደል የሠራልዎት?»

«አውቀዋለሁ።» እትዬ ብዕሯን አስቀመጠች። «ልብስ አጣቢዋም ለቅሶ መጥታ፣ አውቃቸዋለሁ ብዬ ነው፣ ሠራተኞች መስለውኝ ነው፣ ብላኛለች። እግሬ ላይ ወድቃ። ምን ልበላት?»

አሥር አለቃው ኩባያውን እንደያዘ አንዷን አይቶ ሌላዋን አየ። በገባውና ባልገባው ነገር መካከል ቆሞ ነበር። መሣሪያውን ከግድግዳው አንሥቶ ጭኑ ላይ አጋደመው። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ማንም አልቀለደም።

ደቂቃዎቹ አልሄድ አሉ። የከተማው ሰው እንደ ወትሮው ይደውላል። አንዱ ወፍጮ ቤት ይላል፤ አንዷ ሐኪም ቤት። ስልከኛዋ እየሰካች፣ እየነቀለች፣ በወረቀቱ የተሸፈነውን መስኮት ታዳምጣለች። ተኩስ እንደሆነ ከኮረብታው እስከዚህ ይሰማል። አንድ ነገር ጧ አለ፤ ከወንበሯ ብድግ አለች። ታች መንገድ ላይ የተራገፈ ጣውላ ነበር።

አራት ሰዓት ከአምስት ላይ የሠላሳ ሦስት ክዳን ወደቀች።

«ማዞሪያ» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ዋናውን መምሪያ አገናኚኝ። ሻለቃውን» አለ መቶ አለቃው።

አገናኘች። በሕጉ እስኪነሣ መጠበቅ አለባት። ሲነሣም ጆሮዋን አላራቀችም።

«ጌታዬ ሻለቃ፣ ሰውየው በሕይወት ተይዟል። ደብተር አግኝተንበታል። የእያንዳንዱ አውሮፕላን መነሻና መመለሻ በደቂቃ ተጽፏል፤ የሁለት ወር ነው። ማን ላከህ ብንለው ሳያቅማማ ነው የመለሰልን፤ ልጄ ናት፣ ያየኸውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፍ ያለችኝ እሷ ናት አለ።»

«ልጁ የት ናት?»

«ስልክ ማዞሪያ ቤት ነው የምትሠራው ይላል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የስልከኛዋ ጆሮ ግን በዚያ ረፋድ ባዳ አልሆነላትም። ሽቦው ውስጥ የሦስት ሰዎች ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ሁለቱ መኮንኖች በአንድ ጊዜ ገባቸው።

«መሥመሩ ላይ ማን አለ?» አለ ሻለቃው፣ በዝግታ።

መሰኪያውን ብትነቅል ትችል ነበር። ብትነቅልስ ወዴት ትሄዳለች? በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ አባቷም በእጃቸው ነው።

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«አንቺ ማን?»

«ልጁ።»

ሻለቃው ወዲያው ትእዛዝ ሰጠ። «ከቦታሽ አትነሺ። የጥሪ መዝገቡን ይዘሽ፣ አይ፣ መዝገቡን አትንኪው። ሌላዋ ሴት ትያዘው። አሥር አለቃውን አቅርቢልኝ።»

ማዳመጫውን ከራሷ አውልቃ ለአሥር አለቃው ሰጠችው። «አንተን ነው» አለችው።

ብዙም ሳይቆይ የታችኛው ወታደር ቁልፍ ሁለት ጊዜ ዞረ። ስትለምንበት የነበረው በር ተከፈተ።

የሻለቃው ቢሮ ግድግዳው ኖራ የተቀባ ጠባብ ክፍል ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ ስልክ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ግራጫው ደብተር። አባቷ ጥግ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሲያያት ፊቱ በራ።

«መጣሽ? እነዚህ ልጆች ጨዋ ናቸው፣ ሻይ ሰጡኝ። ልጄ፣ ዛሬ አንድም ሳይቀረኝ ጽፌልሻለሁ።»

መቶ አለቃው ወደ ሻለቃው ተመለከተ። ስልከኛዋ አባቷን ዝም በል ማለት አልቻለችም፤ ዝም በል ብትለው እሱም ማስረጃ ይሆንባት ነበር።

ሻለቃው ፀጉሩ የሸበተ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ደብተሩን ገልጦ ድምፁን ሳያነሣ አነበበ። «ሦስት ሰዓት ከአራት፣ አንድ አውሮፕላን ተነሣ፤ ሞተሩ ያነክሳል። ሦስት ሰዓት ከዘጠኝ፣ ሁለት ተነሡ። ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት፣ አንዲት ፍየል ሣር ትታ ወረቀት በላች። ሦስት ሰዓት ከአሥራ አምስት፣ አንድ ተመለሰ።» ቀና አለ። «የሚያነክሰውን ሞተር መካኒኮቻችን የደረሱበት አውሮፕላኑ ከተመለሰ በኋላ ነው። እሱ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ጻፈው።»

«ሰዓት ሠሪ ስለሆነ ነው፣ ጌታዬ። የቀኝ ጆሮው አሁንም ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ጠፋበት መንገድ፣ ደብተሩን ስለገዛችበት ቀን ሁሉንም ተናገረች። ስትጨርስ ራሷ ያወራችው ለራሷም ተረት መሰላት።

«ታንከሩ ጋ የደወለውስ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ተጠርጣሪን ማስጠንቀቅ ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ሻለቃው ወደ እትዬ ዞረ። እትዬ ማዞሪያውን ለተጠሩት የከሰዓት ተረኞች አስረክባ፣ በሩ አጠገብ መዝገቡን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። «አንቺስ ምን አየሽ?»

«ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ የጥቆማው ጥሪ መጣ» አለች እትዬ። «ስለ አባቷ እንደሆነ አውቃለች፣ ፊቷን አይቻለሁ። ቢሆንም በዚያው ደቂቃ ለሠላሳ ሦስት ሰጠች። ከአራት ደቂቃ በኋላ ያለ ትእዛዝ ታንከሩ ጋ ደወለች። ከወዲያ ያለው የተናገረው አልተሰማኝም። እሷ ግን ከፊቱ ቁም፣ እንዳይነሣ አለች፤ ከዚያ አትንካው አለች። ሁለቱም ጥሪ እዚህ አለ።»

ሃምሳ አለቃው ሳይጠየቅ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። ወፍራም ገበሬ መሳይ ሰው ነው። «ጌታዬ፣ እኔም ልናገር። ደብተሩን ታንከር ውስጥ ልጣለው ብያት አትንካው አለችኝ ብሎ ዘበኛው በራሱ አፍ ነግሮኛል። ሽማግሌውን ደግሞ ሦስት ጊዜ ቁም ብዬዋለሁ። አልዞረም። ዘበኛው እጁን ዘርግቶ መካከል ባይገባ ኖሮ...» አልጨረሰውም። «አባቴን የሚያህል ሰው ነው።»

ሻለቃው የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ገለጠ፤ ለራሱ አነበበ፤ ከዚያ አዙሮ ወደ ስልከኛዋ ገፋላት። የአባቷ ጽሕፈት ነው፣ እንደ ሰዓት ጥርስ የተደረደረ። ሚስቴ ሞታለች። የት ሄደች ብዬ ልጄን አልጠይቅ፤ በጠየቅኳት ቁጥር ፊቷ ይለወጣል። ይህን ገጽ በየጠዋቱ አንብብ።

ስልከኛዋ ይህን ገጽ አይታው አታውቅም ነበር። ባለፉት ሁለት ወራት እናቷን አለመጠየቁን አስተውላ፣ የተሻለው መስሏት ነበር። ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

«ሰላይ አይደለም» አለ ሻለቃው በመጨረሻ። «ደብተሩ ግን ከሰላይ ደብተር በምን ይለያል? ነገ አንድ ሰው ሻይ ጋብዞት ቢያነበውስ? አሥራ አንድ ሰው ቀብሬያለሁ፣ እህቴ። አሥራ ሁለተኛውን ደብተሩ ውስጥ ፍየል አለ ብዬ አልቀብርም።» ወደ ጽሕፈት መኪናው ሄዶ ራሱ መምታት ጀመረ፤ በሁለት ጣት፣ እየፈለገ። «አንቺን ላስርሽ ይገባ ነበር። በአንቺ ቦታ የምተካው ማዞሪያ የሚያውቅ ሰው ግን የለኝም። እሱን ወደ ሩቅ ማቆያ እልከዋለሁ፤ ወይም ይህን ትፈርሚያለሽ።»

ወረቀቱ አጭር ነበር። ተጠርጣሪው ከቤት አይወጣም። ወደ ሜዳው የሚያዩት መስኮቶች በጣውላ ይመታሉ። ቤት ውስጥ ብዕርና ወረቀት አይኖርም። ልጁ ከቤት ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፋለች፤ በየጠዋቱም ሥራ እንደገባች ስለ አባቷ ሁኔታ ለሠላሳ ሦስት ቁጥር ጥቆማ ትሰጣለች። ጦርነቱ እስኪያበቃ። ከሥሩ «ተጠሪ፤ ልጅ» ይላል።

«ደብተሩ?»

«እዚህ ይቀራል።»

«የመጀመሪያዋን ገጽ ብቻ ስጡኝ፣ ጌታዬ። አውሮፕላን የለባትም።»

ሻለቃው ደብተሩን ዘጋው። «ማስረጃ ሆኖ ተመዝግቧል። ገጽ አይቀደድለትም» አለ፤ ይህን ሲል አላያትም።

ፈረመች።

በእግር ሲመለሱ እትዬ በአንድ ጎን፣ አባቷ በሌላ ጎን ነበሩ። ሽማግሌው ኪሱን እየዳበሰ ደብተሩን ይፈልጋል። መንታ መንገዱ ጋ ሲደርሱ ስልከኛዋ ቆመች።

«ታንከሩን ለምን ጻፉት፣ እትዬ?»

«ያንን ባልጽፈው፣ ጥቆማውን ለሠላሳ ሦስት መስጠትሽን ያምኑኝ ነበር?» አለች እትዬ። ሌላ አልጨመረችም። የሽማግሌውን የካፖርት ቁልፍ ቆልፋለት በራሷ መንገድ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ አናጢ ከወታደር ጋር መጥቶ መስኮቶቹን መታ። አመሻሹ ላይ ጋጋሪዋ በሻሽ የተጠቀለለ ዳቦ ይዛ ደጃፍ ቆመች፤ ዓይኗ አብጧል። «ባውቅ ኖሮ ምላሴ ይቆረጥ! ጀርባውን ብቻ እኮ ነው ያየሁት...»

«ፊቱን ብታዪም መደወል ነበረብሽ» አለቻት ስልከኛዋ። የምታምንበትን ትናገር ወይ ልትጎዳት ትፈልግ፣ ራሷም አልለየችውም። ዳቦውን ግን ተቀበለቻት።

አባቷ እራቱን በልቶ ሲያበቃ ዙሪያውን ተመለከተ። «እናትሽ እስካሁን የት ሄደች?» አላት።

«ትመጣለች፣ አባባ።»

በማግስቱ ጠዋት ቁርሱን አቀረበችለት፤ ውኃውን በማሰሮ ሞልታ፣ ምሳውን ሸፍና አጠገቡ አስቀመጠች። ካፖርቱን ለብሶ ጣውላ የተመታበት መስኮት ፊት ተቀምጧል፤ በስንጥቁ የምትገባውን የብርሃን ክር መዳፉ ላይ እየተቀበለ። ግንባሩን ስማ ወጣች። አዲሱ ቁልፍ ጠንካራ ነበር፤ በሁለት እጇ ገፍታ አዞረችው። ድምፁ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ።

ከውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ በሩ ድረስ መጥቶ ቆመ።

«ማነው?» አለ ሽማግሌው።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን ያስቆምሻል፣ ልጄ? ግቢ እንጂ፤ ክፍት ነው።»